ዳገት የሚወጣ መኪና፣ የሚጠግነው ባለሙያ



በ2008 ዓ.ም. ከጦር ኃይሎች ወደ አያት መመላለስ የጀመረው የኤሌክትሪክ ባቡር እንደ እኔ ላለ የመኪና ወዳጅ አንድ ነገር ያስተምራል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ስለምትል፣ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ስለዚህ አሮጌው ቮልስ ካርቡሬተሩ ካልተስተካከለ ቤንዚን ይበዛበታል፤ ጥቁር ጭስ ይተፋል፤ ዳገት ላይ ይለግማል። በኮምፒውተር የሚታዘዘው አዲሱ ሞተር የቤንዚኑን ልክ ያስተካክላል፤ የጎደለውን አየር ግን የሚያካክስለት ቱርቦ ካለው ብቻ ነው። የኤሌክትሪክ ሞተር ደግሞ አየር አይሻም፤ ቁልቁለት ሲወርድም ኃይል ወደ ባትሪው ይመልሳል።

በመሆኑም በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን በምህንድስና ዓይን አልቃወምም። ሥጋቴ ሌላ ነው። ቮልሱን መካኒኩ በመፍቻና በካቻቢቴ መንገድ ዳር ይጠግነው ነበር። የአዲሱ መኪና ጥገና ግን በአምራቹ ሶፍትዌር ሊቆለፍ ይችላል፤ የባትሪው ከፍተኛ ቮልቴጅም ያልሠለጠነውን ባለሙያ ሊገድል ይችላል። መልካም ዲዛይን የሚጠግነውን ሰው አስቀድሞ ያስባል። ሥልጠናውና የጥገናው መረጃ ከመኪናው ጋር አብረው ካልገቡ፣ ዳገቱን የሚወጣ መኪና ገዝተን ጋራዥ በር ላይ እንቀራለን።