ሳተላይትና የመሬት ገጽ የኃይል ልውውጥ፤ ድርቅን አስቀድሞ ለመረዳት የሚሰጠው ጥቅም

ድርቅ የሚጀምረው ዝናብ ሲቀር ቢሆንም፣ በሰው ዓይን ጎልቶ የሚታየው ሰብሉ ከጠወለገ በኋላ ነው። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በወሎ፣ በ1977 ዓ.ም. ደግሞ በሰሜኑ የአገራችን ክፍል የደረሰው ረሀብ እንዳስተማረው፣ በእነዚህ በሁለቱ መካከል በከንቱ የሚያልፍ ጊዜ የሰው ሕይወት ያስከፍላል። ስለዚህ ተክል ውሃ ማጣት መጀመሩን ቅጠሉ ቢጫ ከመሆኑ በፊት ማወቅ ይቻላል ወይ? የሚለው ጥያቄ ለዕርዳታ ሠራተኛም የሚገባ ጥያቄ ነው።

ነገሩን ለመረዳት እንስራን መመልከት ይበቃል። በእንስራ የተቀመጠ ውሃ የሚቀዘቅዘው፣ በሸክላው ገላ የሚያዠው እርጥበት ወደ ተን ሲለወጥ ሙቀት ይዞ ስለሚሄድ ነው። ተክልም እንዲሁ ነው። ሥሩ ውሃ ሲያገኝ ቅጠሉ እያተነነ ይቀዘቅዛል፤ ውሃ ሲያጥረው ግን የቅጠሉን ጥቃቅን ቀዳዳዎች ስለሚዘጋ ይግላል። አንድ ሊትር ውሃ ወደ ተን ለመለወጥ 2.45 ሚሊዮን ጁል ያህል ኃይል ይፈልጋል።

መሬት ከፀሐይና ከሰማይ ተቀብላ ከምትመልሰው ተርፎ የሚቀረው ኃይል በሦስት ይከፈላል። አንዱ አፈሩን ያሞቃል፤ ሁለተኛው አየሩን ያሞቃል፤ ሦስተኛው ውሃን ያተንናል። ለምሳሌ ያህል፣ በእኩለ ቀን በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የቀረው ኃይል 600 ዋት፣ ወደ አፈር የገባው 60፣ ወደ አየር የሄደው 140 ቢሆን፣ ለትነት የዋለው 400 ዋት ነው። በደረቀ ማሳ ላይ ግን ወደ አየር የሚሄደው 440 ቢደርስ፣ ለትነት የሚተርፈው 100 ብቻ ይሆናል።

ሳተላይት ትነትን በቀጥታ አይለካም። የሚለካው ከመሬት የሚንጸባረቀውን ብርሃንና የሚወጣውን የሙቀት ጨረር ነው። ከመጀመሪያው የመሬቱ ነጸብራቅና የተክሉ ልምላሜ፣ ከሁለተኛው የገጹ ሙቀት ይታወቃል። በዚህ ላይ የአየር ሙቀትና የነፋስ ፍጥነት ሲታከልበት፣ ትነቱ ከላይ እንደተመለከተው በቅናሽ ይሰላል። እ.ኤ.አ. በ2013 እና በ2021 የመጠቁት ላንድሳት 8 እና 9 እያንዳንዳቸው በ16 ቀን አንድ ጊዜ፣ ከጧቱ 4 ሰዓት ገደማ፣ በአንድ ሥፍራ ላይ ያልፋሉ። የሙቀት መሣሪያቸው 100 ሜትር ያህል ስፋት ያለውን ቦታ ለይቶ ያያል። የአውሮፓው ሜቴዎሳት በየ15 ደቂቃው ቢያይም፣ ዕይታው በኪሎ ሜትር የሚቆጠር በመሆኑ የአንድን ገበሬ ማሳ አይለይም።

መሣሪያው ጉድለት የሌለበት አይደለም። የሙቀት ጨረር ደመናን ስለማያልፍ፣ መረጃው በይበልጥ በሚፈለግበት በክረምት ወራት ብዙ ጊዜ ይቋረጣል። ትነት ማነስም ሁልጊዜ ድርቅ ማለት አይደለም፤ አዝመራው የተሰበሰበ ወይም ማሳው ያደረ ሊሆን ይችላል። ስለሆነም ካርታው ጥርጣሬ ባመለከተበት ቦታ ሁሉ፣ ማሳውን በዓይኑ አይቶ ገበሬውን የሚጠይቅ ሰው መላክ ግዴታ ነው።

ዘዴው ለሠፈራ ጥናትም ይጠቅማል። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 ዋፖር የተባለውን የአፍሪካንና የቅርብ ምሥራቅን የትነት መረጃ ለሕዝብ ክፍት አድርጓል። በአንድ ሄክታር ላይ የሚተን 1 ሚሊ ሜትር ውሃ 10,000 ሊትር ነው። አንድ አካባቢ በደጉም በክፉውም ዓመት ምን ያህል ውሃ እንዳተነነ ቤተሰቦች ከመዛወራቸው አስቀድሞ ቢታይ፣ ከአንድ ደረቅ ቀዬ ወደ ሌላ ደረቅ ቀዬ ከመውሰድ ያድናል። ሆኖም የወባን መኖር፣ የነባሩን ነዋሪ መብትና የተዛዋሪውን ፈቃድ ሳተላይት አያሳይም። እነዚህን መርምሮ መወሰን የኃላፊዎች ፈንታ ነው።