ዓሣውን ሳይሆን ጎረቤቱን ይምረጡ

«ዓሣን መብላት በብልሃት» ይላል የአገራችን ሰው፤ አጥንቱን አስቦ ነው። ዓሣን ከዓሣ ጋር አስማምቶ ማኖር ግን ከመብላቱም የበለጠ ብልሃት እንደሚጠይቅ የተማርኩት ልጄ ስድስት ዓመት በሞላት ሰሞን ነው።

ለልደቷ 60 ሊትር የሚይዝ አኳሪየም ገዛሁላት። ሱቁ ውስጥ እሷ በጣቷ ትጠቁማለች፣ እኔ «እሺ» እላለሁ፣ ሻጩ በመረብ እያወጣ በላስቲክ ይቋጥራል። ሁለት ጎልድፊሽ፣ ስድስት ኒዮን ቴትራ፣ ሦስት ታይገር ባርብ፣ ጭራው እንደ ሐር መጋረጃ የሚወዛወዝ አንድ ወንድ ቤታ፣ በመጨረሻም «መስታወቱን ያጸዳላችኋል» የተባለልን አንድ ጥቁር ፕሌኮ። በድምሩ አሥራ ሦስት ነፍስ። ቤት እንደገባን ገንዳውን በቧንቧ ውሃ ሞልተን ማታውኑ ጨመርናቸው።

በሳምንቱ የቤታው ጭራ ተበጫጭቆ እንደ አሮጌ ጨርቅ ሆነ። ኒዮኖቹ አንድ በአንድ አለቁ። ሦስተኛው ሳምንት ሲያልቅ የቀሩት ሁለቱ ጎልድፊሽና ፕሌኮው ብቻ ነበሩ። ልጄ እንባዋን እየጠረገች «እማዬ፣ ለምንድን ነው የማይዋደዱት?» አለችኝ። መልሱን ለመናገር አፈርኩ። ዓሦቹ ምንም አላጠፉም። አብረው መኖር የማይችሉትን ሰብስቤ አንድ ቤት ውስጥ የዘጋሁባቸው እኔ ነኝ።

እንጀራዬ ማርኬቲንግ ነው። ደንበኛ በዓይኑ እንደሚገዛ አውቃለሁ፤ ዕቃ ስንደረድርም ይህንኑ አስበን ነው። ያን ቀን ግን እኔው ራሴ በቀለም ተማርኬ ገዛሁ። እርስዎም ለሳሎንዎ ወይም ለልጆችዎ አኳሪየም አስበው ከሆነ ከሱቁ ደጃፍ ሳይደርሱ አራት ጥያቄዎችን ይመልሱ። ውሃው ይስማማቸዋል? ጠባያቸው ይገጥማል? ሲያድጉ ምን ያህል ይሆናሉ? ስንት ሆነው መኖር ይወዳሉ?

ባዶው ገንዳ ይቆይ

ከሁሉ በፊት የእኔን የመጀመሪያ ስህተት ልንገርዎ። አዲስ ገንዳ ንጹሕ ቢመስልም ለዓሣ ዝግጁ አይደለም። የዓሣ ኩስና የተረፈ ምግብ አሞኒያ ይፈጥራል፤ አሞኒያ ደግሞ ለዓሣ መርዝ ነው። በፊልተሩ ስፖንጅና በጠጠሩ ላይ የሚራቡ ጠቃሚ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን መጀመሪያ ወደ ኒትራይት፣ ቀጥሎም ጉዳቱ እጅግ ወደሚያንሰው ኒትሬት ይለውጡታል። ኒትራይትም ራሱ መርዝ ስለሆነ ሁለቱም ደረጃዎች መሟላት አለባቸው። እነዚህ ባክቴሪያዎች በበቂ ሁኔታ እስኪራቡ አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል።

ስለዚህ ፊልተሩንና ማሞቂያውን ያስነሱ፤ በየሁለት ቀኑ ቁንጥር የዓሣ ምግብ እየጨመሩ ይጠብቁ። በውሃ መመርመሪያ ሲለኩ አሞኒያውም ኒትራይቱም ዜሮ ሲሆን ቤቱ ተዘጋጅቷል ማለት ነው። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ስላለበት ክዳን በሌለው ባልዲ ለ24 ሰዓት ያሳድሩት፤ ወይም ክሎሪን ማጥፊያ ጠብታ ይጠቀሙ። የፊልተሩን ስፖንጅም በቧንቧ ውሃ አይጠቡት፤ ባክቴሪያዎቹን ያጥባቸዋል። ከገንዳው በቀዱት ውሃ ለቅለቅ ማድረግ ይበቃል።

በጥቅምት ሌሊት ማን ይበርደዋል?

ከሞቃት አገር የመጡ ዓሦች ከ24 እስከ 26 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚሞቅ ውሃ ይፈልጋሉ። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ በአማካይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። «በጥቅምት አንድ አጥንት» የተባለው ለሰው ቢሆንም ብርዱ ለዓሣም አያዝንም። በራሱ የሚበራና የሚጠፋ ማሞቂያ፣ በአንድ ሊትር አንድ ዋት ገደማ ሒሳብ፣ ከዓሣው በፊት ይገዛል። አንድ ቴርሞሜትርም አይርሱ።

የእኔ ጎልድፊሾች ሁለተኛው ስህተቴ ነበሩ። ጎልድፊሽ ቀዝቀዝ ያለ፣ ከ18 እስከ 22 ዲግሪ አካባቢ ያለ ውሃ ይስማማዋል። ብዙ ይበላል፣ ብዙ ያቆሽሻል፤ ሲያድግም ከ15 ሴንቲ ሜትር በላይ ይሆናል። ከኒዮን ጋር አንድ ገንዳ ውስጥ ካስገቡት ከሁለት አንዱ ሁልጊዜ ይጎዳል። ማሞቂያ መግዛት የማይፈልግ የአዲስ አበባ ቤተሰብ ግን ጎልድፊሽን ለብቻው በሰፊ ገንዳ ቢያኖር ያዋጣዋል።

ከፍታው ሌላም ነገር ያመጣል። በአዲስ አበባ ያለው የአየር ግፊት ከባሕር ዳርቻ ከተሞች ሩብ ያህል ስለሚያንስ በውሃ ውስጥ የሚሟሟው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። በውጭ አገር መመሪያ ላይ «ይህ ገንዳ 20 ዓሣ ይይዛል» የሚል ቢያነቡ ቁጥሩን ቀነስ ያድርጉት፤ የአየር ፓምፕም ይጨምሩ።

መብራት ሲጠፋስ? በባትሪ የሚሠራ ትንሽ የአየር ፓምፕ ቤት ውስጥ ቢኖር መልካም ነው። ከሌለም በንጹሕ ኩባያ የገንዳውን ውሃ እየቀዱ ከፍ አድርገው መልሰው ያፍስሱ፤ አየር ይገባዋል። ሙቀቱ እንዳይወርድ የገንዳውን ዙሪያ በጋቢ ወይም በብርድ ልብስ ይሸፍኑ፤ ላዩን ግን ክፍት ይተዉት። መብራት እስኪመጣ ምግብ አይስጡ።

ጠባይ በመልክ አይታወቅም

ቤታ መነሻው ታይላንድና አካባቢዋ ነው። ሁለት ወንድ ቤታዎች አንድ ገንዳ ውስጥ ከገቡ ከባድ ጉዳት እስኪደርስ ይጣላሉ። ጭራው ረጅምና ደማቅ የሆነ ወንድ ጋፒ ሲያይም ተቀናቃኝ መስሎት ሊያሳድደው ይችላል። በሌላ በኩል ታይገር ባርብ የሚወዛወዝ ጭራ ካየ ሳይነክስ አያልፍም። እኔ ደግሞ ሦስቱን ብቻ ገዝቼ ከቤታው ጋር አኖርኳቸው። ታይገር ባርቦች ስምንትና ከዚያ በላይ ሲሆኑ እርስ በርሳቸው እየተሯሯጡ ሌላውን ይተዋሉ፤ ጥቂት ሲሆኑ ግን ጠባያቸው በጎረቤት ላይ ይብሳል።

ኤንጀልፊሽ እርጋታው ደስ ይላል። ሆኖም አድጎ 15 ሴንቲ ሜትር ሲደርስ አራት ሴንቲ ሜትር እንኳ የማይሞላው ኒዮን እራቱ ይሆናል። ክፋት አይደለም። በዓሣ ዓለም አፍ ውስጥ የሚገባ ሁሉ ምግብ ነው።

ሐዋሳ አሞራ ገደል ሄደው ቆሮሶ የበሉ ሁሉ አንድ የሲክሊድ ቤተሰብ አባል ያውቃሉ ማለት ነው። ወንዱ ቆሮሶ በመራቢያ ጊዜ የሐይቁን ወለል ቆፍሮ ጎጆ ያበጃል፤ የቀረበውንም ያባርራል። ሴቷ እንቁላሎቿንና ጫጩቶቿን በአፏ ይዛ ትጠብቃለች። በየሱቁ ቢጫና ሰማያዊ ሆነው የሚያብረቀርቁት የማላዊ ሐይቅ ሲክሊዶች የዚሁ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። ድንበር ወዳዶች ናቸው፤ ማዕድን የበዛበት፣ አሲድ ያልሆነ ውሃ ይፈልጋሉ። ኒዮን ቴትራ ደግሞ ከአማዞን ለስላሳና በትንሹ አሲድነት ካለው ውሃ የመጣ ነው። ሲክሊድ ከወደዱ ገንዳውን በሙሉ ለእነሱ ይስጡ።

ዛሬ ጣት የሚያክል፣ ነገ ክንድ

ያ «መስታወት ያጸዳል» የተባለው ፕሌኮ ሲሸጥ ከጣት አይበልጥም። ተራው ዓይነት ግን አድጎ ከ30 ሴንቲ ሜትር ያልፋል። ኦስካርም እንዲሁ ነው። ስለዚህ ሻጩን «ስንት ነው?» ብለው ከመጠየቅዎ በፊት «ሲያድግ ስንት ይሆናል?» ይበሉት። መልሱን ካላወቀ ዓሣውን ትተው ይሂዱ፤ ቤትዎ አጣርተው ቢመለሱ አይከስሩም።

ብቻውን የሚፈራ አለ

ኒዮን ቴትራም ሆነ ወለል ላይ እየዳኸ ትርፍራፊ የሚለቅመው ኮሪዶራስ ቢያንስ ስድስት ስድስት ሆነው ካልኖሩ ይሸማቀቃሉ፣ ቀለማቸው ይደበዝዛል፣ በቀላሉም ይታመማሉ። «ከየዓይነቱ አንድ አንድ» የሚለው የልጆች ምርጫ የሚያምረው ለከረሜላ ነው። ኮሪዶራስ ከላይ በተረፈው ብቻ እንዳይኖርም ወደ ወለል የሚሰምጥ ምግብ ይግዙለት።

ጋፒ ለጀማሪ ይመከራል፤ ነገር ግን እንቁላል ሳይሆን ልጅ የሚወልድ ዓሣ ነው፤ በየወሩ ገደማም ይወልዳል። ወንድና ሴት ከቀላቀሉ ለአንድ ወንድ ሁለት ወይም ሦስት ሴት ያድርጉ፤ አለዚያ ወንዱ ሴቷን እያሳደደ ያደክማታል። ቤትዎ በጫጩት እንዳይሞላ ከፈለጉ ወንዶች ብቻ ይግዙ። ቀለሙም ያለው በወንዶቹ ነው።

ለመነሻ የሚሆኑ አራት ጉርብትናዎች

• 60 ሊትር፣ ማሞቂያ ያለው፦ ስድስት ወንድ ጋፒ። ለልጆች ደማቅ፣ ለወላጅ ቀላል።

• 60 ሊትር፣ ማሞቂያ ያለው፦ አንድ ወንድ ቤታ ከስድስት ትናንሽ ኮሪዶራስ ጋር። እሱ ከላይ፣ እነሱ ከታች ይኖራሉ። ቤታው ካስቸገረ የሚለይበት ትርፍ ዕቃ ያዘጋጁ።

• 100 ሊትር፣ ማሞቂያ ያለው፦ አሥር ኒዮን ቴትራና ስድስት ኮሪዶራስ።

• ከ100 ሊትር በላይ፣ ማሞቂያ የሌለው፦ ጭራቸው ድርብ የሆነ ሁለት ጎልድፊሽ ብቻ።

ሁሉንም በአንድ ቀን አያስገቡ። አንዱን መንጋ አስገብተው ሁለት ሳምንት ይጠብቁ፤ ከዚያ ሌላውን ይጨምሩ። ላስቲኩን ሳይፈቱ ገንዳው ላይ ለ15 ወይም 20 ደቂቃ ያንሳፍፉት፤ ከገንዳው ውሃ ትንሽ ትንሽ ይጨምሩበት፤ ከዚያ ዓሣውን በመረብ ያሸጋግሩ። የሱቁን ውሃ ገንዳ ውስጥ አያፍስሱ። በየሳምንቱ ከውሃው አንድ አምስተኛውን ይለውጡ። ምግቡ በሁለት ደቂቃ ተበልቶ የሚያልቅ ይሁን።

ገንዳውን የት እንደሚያስቀምጡም ያስቡ። 100 ሊትር ውሃ ብቻውን 100 ኪሎ ነው። ጠጠሩንና መስታወቱን ሲጨምሩበት የቴሌቪዥን ማስቀመጫ አይችለውም።

ካልተስማሙስ?

አንዳንዴ ሁሉን አድርገውም አንዱ ዓሣ ጠበኛ ይሆናል። ለይተው ያኑሩት፤ ለሱቁ ይመልሱት፤ ወይም ትልቅ ገንዳ ላለው ሰው ይስጡት። ወንዝ ወይም ሐይቅ ውስጥ ግን ፈጽሞ አይልቀቁት። ጣናን ያስጨነቀው እምቦጭ መነሻው ደቡብ አሜሪካ ነው። በዓለም ዙሪያ የተሰራጨውም ሰዎች አበባውን ወደው ለጌጥ ሲወስዱት ነው። ለቤት ጌጥ የመጣ ነገር ከቤት ሲወጣ ምን እንደሚያደርስ እኛ ኢትዮጵያውያን ሌላ አስረጂ አያስፈልገንም።

እኛም ፕሌኮውንና ጎልድፊሾቹን ትልቅ ገንዳ ላለው ወዳጃችን ሰጠን። ከዚያ ለአምስት ሳምንት ባዶ ውሃ እያየን ተቀመጥን። እንግዳ በመጣ ቁጥር «ዓሦቹስ?» ይላል፤ ልጄም «ቤታቸው ገና አልተዘጋጀም» ብላ ትመልሳለች። እኔ ከሱቅ ስገባ ያላሰብኩትን በስድስት ዓመቷ አወቀችው። ጠዋት ጠዋት ቴርሞሜትሩን ማንበብ የእሷ ሥራ ሆነ፤ ቁጥሩን በደብተሯ ትጽፋለች።

ዛሬ ስድስት ወንድ ጋፒዎች አሉን። ማታ ከመተኛቷ በፊት ትቆጥራቸዋለች። ስድስት። ባለፈው ቅዳሜ ሱቁ ፊት ለፊት ስናልፍ አንድ ቀይ ቤታ አይታ ቆመች። «በጣም ያምራል» አለች። ትንሽ ዝም ብላ አሰበችና እጄን ይዛ መንገዷን ቀጠለች። «ግን ከእኛዎቹ ጋር አይስማማም።»