ያመለጡትና የቀሩት፦ የማምለጥ ታሪኮችን አንብቦ ለመስበክ

የምስክርነት ሰዓት ነው እንበል። አንድ ወንድም ወደ መድረክ ወጥቶ ከእስር ቤት፣ ወይም በበረሃና በባሕር ከሚያልፈው የስደት መንገድ እንዴት በሕይወት እንደ ወጣ ይናገራል። «እግዚአብሔር በሩን ከፈተልኝ» ሲል ጉባኤው «ሃሌሉያ!» ይላል። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ግን ልጇ በዚያው መንገድ የቀረባት እናት ተቀምጣለች። እርሷም ጸልያለች፤ እርሷም ጾማለች። ምስክርነቱ ሲያበቃ ማይክሮፎኑን የምትቀበሉት እናንተ ናችሁ። ቀጥሎ የምትናገሩት አንድ ዐረፍተ ነገር ለዚያች እናት መጽናኛ ወይም ፍርድ ሊሆንባት ይችላል።

ይህ ፈተና ዛሬ የጀመረ አይደለም። ከ16ኛው እስከ 18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ በአውሮፓ ስለ እምነታቸው የታሰሩ፣ የተሰደዱና በባሕር ወንበዴዎች ተማርከው የተሸጡ ሰዎች ያመለጡበትን ታሪክ ጽፈው አሳትመዋል። መጻሕፍቱ በየቤቱ ተነበዋል፤ ለስብከትም ምሳሌ ሆነዋል። እኛም ዛሬ እንጠቀምባቸዋለን። በዚህ ጽሑፍ ከእነዚህ ታሪኮች መካከል በአንድ ምድር ቤት፣ በአንድ በረዶና በአንድ ግንብ የሆኑትን ሦስቱን እንመለከታለን፤ ከዚያም እንዴት ልናነባቸው እንደሚገባ እንጠይቃለን። ዓመታቱ ሌላ ካልተባለ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አንድ ምድር ቤት፣ ሁለት አማኞች

ዊሊያም ኦክሊ የተባለው እንግሊዛዊ በ1639 በመርከብ ሲጓዝ በአልጀርስ ወንበዴዎች ተማረከና በባርነት ተሸጠ። ጌታው እየነገደ በየጊዜው የተወሰነ ገንዘብ እንዲከፍለው ስለ ፈቀደለት ትንሽ ሱቅ ከፈተ። ከሱቁም ራቅ ብሎ አንድ ምድር ቤት ተከራየ። በዚያ ምድር ቤት ዴቨሩ ስፕራት የተባለ፣ እርሱም የተማረከ አገልጋይ በሳምንት ሦስት ጊዜ ቃሉን ይሰብክ ነበር። ለመስማት የሚመጡት ምርኮኞች አንዳንድ ጊዜ እስከ ሰማንያ ይደርሱ እንደ ነበር ኦክሊ ጽፏል።

በኋላ ኦክሊና ጓደኞቹ በዚያው ባመለኩበት ምድር ቤት ተነቅሎ የሚገጣጠም ጀልባ መሥራት ጀመሩ። አጥንቱ እንጨት፣ ቆዳው በቅጥራን የተለቀለቀ ሸራ ነበር። የዕለት ሥራቸውን ሽፋን አድርገው ክፍሎቹን አንድ በአንድ ከከተማው አወጡ። በ1644 ሌሊት ጀልባዋን ባሕር ላይ ባሳረፉ ጊዜ ግን ሁሉንም ልትሸከም አልቻለችም። ምስጢሩን ከሚያውቁት ከሰባቱ አምስቱ ብቻ ተሳፈሩ፤ ሁለቱ በዳርቻው ቀሩ። የተሳፈሩት ውኃውን እየቀዱ እየደፉ፣ ስንቃቸው አልቆም ባሕሩ ላይ ተኝታ ያገኟትን ኤሊ በልተው፣ ማዮርካ ደሴት ደረሱ።

ስፕራትስ? ቤዛው ተከፍሎለት መሄድ በቻለ ጊዜ ምርኮኞቹ እንዳይተዋቸው ለመኑት። እርሱም ለእነርሱ እንደሚጠቅም አይቶ ሁለት ዓመት ያህል በአልጀርስ ቆየ። በሩ ተከፍቶለት ነበር፤ እርሱ ግን አልወጣበትም።

ልብ በሉ፤ ምድር ቤቱ አንድ ነው፤ የሰሙት ቃልም አንድ ነው። ከዚያ ቃል አንዱ ጀልባ ለመሥራት፣ ሌላው ለመቆየት ብርታት አገኘ። በመካከላቸውም ነቀፋ አልነበረም። እንዲያውም ኦክሊ ያጠራቀመውን ድብቅ ወለል ባለው ሣጥን ሸሽጎ አደራ የሰጠው ለስፕራት ነበር፤ ስፕራትም በኋላ አደራውን አድርሶለታል። ከእነዚህ ሁለት ሰዎች እምነት ያለው የትኛው ነው ብሎ የሚጠይቅ ሰው ጥያቄውን ራሱን ተሳስቷል።

በረዶው ላይ የተመለሰ

ሁለተኛው ሰው ዲርክ ቪሌምስ ይባላል። በኔዘርላንድ በአስፐረን ይኖር የነበረ አናባፕቲስት ነው። ወንጀሉ ካደገ በኋላ ዳግም መጠመቁ፣ በቤቱ ስውር ጉባኤ ማስተናገዱና ሌሎችም በዚያ እንዲጠመቁ መፍቀዱ ነበር። ከታሰረበት ክፍል ጨርቅ ቋጥሮ በሠራው ገመድ በመስኮት ወርዶ አመለጠ። ወቅቱ በረዶ ስለ ነበር ውኃው ላይ የረጋውን ስስ በረዶ ተሻገረ። የሚያሳድደው ዘበኛ ግን በረዶው ተሰብሮ ሰመጠ። ዲርክ ወደ ኋላ ተመልሶ እጁን ዘርግቶ አወጣው። ዘበኛው ሊለቀው ፈልጎ ነበር፤ የከተማው ሹም ግን ከወዲያ ማዶ ሆኖ መሐላውን አስታወሰው። ዲርክ ተያዘ፤ በግንቦት 16 ቀን 1569 በእሳት ተቃጠለ።

ይህን ታሪክ የምናገኘው ቲለማን ፋን ብራኽት በ1660 ባሳተመው «የሰማዕታት መስታወት» በተባለው ትልቅ መጽሐፍ ነው። በ1685 እትም ላይ ያን ላውከን ዲርክ እጁን ሲዘረጋ የሚያሳይ ሥዕል ቀርጾለታል። የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ዲርክን የሚያስታውሰው ስላመለጠ አይደለም፤ ስለ ተመለሰ ነው። ይህ እንግዲህ የማምለጥን ታሪክ ሁሉ የሚፈትን ጥያቄ ያቀርብልናል፦ ነጻነቴ ባልንጀራዬን ምን አስከፈለው? ጴጥሮስ ከሄሮድስ እስር ቤት በወጣ ማግስት ጠባቂዎቹ እንዲገደሉ መታዘዙን ሉቃስ አልደበቀም (ሐዋ. 12፥19)። እኛ ግን ያን ምዕራፍ ስንሰብክ ብዙ ጊዜ መዝሙሩን የምንጀምረው እዚያ ቁጥር ላይ ሳንደርስ ነው።

አንድ ግንብ፣ ሁለት ዕጣ

በደቡብ ፈረንሳይ፣ ኤግ-ሞርት በተባለች ከተማ የኮንስታንስ ግንብ አለ። ንጉሥ ሉዊ 14ኛ በ1685 ለፕሮቴስታንቶች መብት የሰጠውን የናንትን አዋጅ ከሻረ በኋላ ግንቡ ሁጉኖቶች የሚባሉት የፈረንሳይ ፕሮቴስታንቶች የሚታሰሩበት ሆነ። አብርሃም ማዜል በዚያ ታስሮ ነበር። በ1705 የግንቡን ጠባብ መስኮት ድንጋይ ፈልፍሎ፣ ብርድ ልብስ እንደ ገመድ ቀጥሎ፣ ከ16 ጓደኞቹ ጋር አመለጠ። ማሪ ዱራን ደግሞ በ1730 በወጣትነቷ ወደዚያው ግንብ ገባች። የተያዘችው በድብቅ ያገለግል በነበረው በመጋቢው ወንድሟ በፒየር ምክንያት ነው፤ እርሱም በ1732 ተሰቀለ። ማሪ እምነቷን ብትክድ መውጣት ትችል ነበር። አልካደችም፤ የተፈታችው በ1768፣ ከ38 ዓመት በኋላ ነው። በእነዚያ ዓመታት ለራሷና ለታሰሩት እህቶቿ እርዳታ የጠየቀችባቸው ደብዳቤዎች እስካሁን ይነበባሉ።

አሁን «ታማኝ የሆነ ይወጣል» የሚለውን ሒሳብ በዚህ ግንብ ላይ ሥሩ። ያመለጠው ማዜል መሣሪያ አንሥተው ከተዋጉት ከካሚዛሮች መሪዎች አንዱ ነበር፤ በ1702 አንድ የካቶሊክ ካህን በተገደለበት ጥቃት ውስጥም ነበረበት። የቀረችው ሴት ማንንም አልገደለችም። ሒሳቡ አይወጣም። ሊወጣም አይገባውም፤ የዕብራውያን መልእክት 11ኛ ምዕራፍ ያን ሒሳብ አስቀድሞ አፍርሶታልና። በቁጥር 34 በእምነት ከሰይፍ ያመለጡ አሉ። በቁጥር 37 በእምነት በሰይፍ የሞቱ አሉ። ሰይፉ አንድ ነው፤ እምነቱም አንድ ነው። ጸሐፊው በሁለቱ መካከል አዲስ ምዕራፍ አልከፈተም፤ በቁጥር 39 ሁሉንም በአንድነት በእምነታቸው የተመሰከረላቸው ይላቸዋል።

ስናነብ የምንጠይቃቸው ሦስት ጥያቄዎች

እንዲህ ያለ ታሪክ ለስብከት ወይም ለጥናት ስትመርጡ ሦስት ነገር ጠይቁ።

አንደኛ፣ የጻፈው ማን ነው? መቼ ጻፈው? የማምለጥን ታሪክ የሚጽፈው ያመለጠው ነው። በባሕር ዳርቻ የቀሩት ሁለቱ የኦክሊ ጓደኞች መጽሐፍ የላቸውም። ኦክሊም መጽሐፉን ያሳተመው በ1675፣ ካመለጠ ከ31 ዓመት በኋላ ነው። ርእሱንም «አቤንኤዘር» አለው፤ 1 ሳሙ. 7፥12ን ይዞ ማለት ነው። ይህ ማለት ውሸት ጻፈ ማለት አይደለም፤ ሕይወቱን በቃሉ ብርሃን መልሶ አየው ማለት ነው። ነገር ግን መጨረሻው ታውቆ የተጻፈ ታሪክ መካከሉን ቀጥ ያለ መንገድ ያስመስለዋል። በመካከል የነበረው ፍርሃትና ጥርጣሬ ሲነበብ ቶሎ ያልፋል።

ያልተጻፈውንም ጠይቁ። ኦክሊ ሲማረክ የሚጓዘው በካሪቢያን አካባቢ ወደምትገኘው ፕሮቪደንስ ደሴት ነበር። ያች ደሴት የእንግሊዝ ፒዩሪታኖች ሰፈራ ነበረች፤ አፍሪካውያን ባሪያዎችም ነበሩባት፤ በ1638 በጌቶቻቸው ላይ ተነሥተው ነበር። ኦክሊ ራሱ በደግነት የያዘውን የመጨረሻ ጌታውን ትቶ መሄዱ ስርቆት ይሆን እንደሆነ ሕሊናውን መርምሯል፤ ሰው በሰው ላይ እንዲህ ያለ መብት የለውም ብሎም ደምድሟል። ታዲያ ይህ ድምዳሜ በፕሮቪደንስ ላሉት አፍሪካውያን አይሠራም ነበር? ሰው የራሱን ሰንሰለት አጥርቶ እያየ የሌላውን ላያይ እንደሚችል ከዚህ እንማራለን።

ሁለተኛ፣ በማን እጅ? «እግዚአብሔር አወጣኝ» የሚለው እውነት ሰዎቹን አይሰርዝም። ዣን ማርቴይ የተባለ ወጣት ሁጉኖት ከፈረንሳይ ሊወጣ ሲል ድንበር አጠገብ ተያዘ፤ በንጉሡ የጦር መርከብ ላይ በሰንሰለት ታስሮ ቀዛፊ ሆነ። የተፈታው በ1713 ነው፤ ትዝታውም በ1757 ታተመ። በውጭ ያሉ ወንድሞች የላኩትን ገንዘብ በድብቅ ለእስረኞቹ የሚያደርሱት ማን እንደ ነበሩ ይነግረናል፤ በዚያው መርከብ የታሰሩ ሙስሊም ቀዛፊዎች ነበሩ። ቢያዙ በጅራፍ እንደሚገረፉ እያወቁ ዋጋ አንቀበልም ይሉ ነበር። ከአልጀርስ የወጡ ታሪኮችን ብቻ የሚያነብ ሰው ሙስሊሙን እንደ አሳሪ ብቻ ያየዋል። የማርቴይ መጽሐፍ ደጉን ሳምራዊ ያስታውሰናል።

ሦስተኛ፣ የቀረውስ? በታሪኩ ውስጥ የቀረ ሰው ካለ ስሙን ጥሩ፤ ስም ከሌለው ቁጥሩን ተናገሩ። «አምስቱ ተሻገሩ፤ ሁለቱ ቀሩ» ማለት ስብከቱን አያቀዘቅዘውም። በጉባኤው ውስጥ ላሉት ለቀሩት ቤተ ሰቦች ቦታ ያበጅላቸዋል።

ጳውሎስ ቅርጫቱን ከምን ጋር ቆጠረው?

ለእናንተ ለአገልጋዮች ይህ ጥያቄ አንድ ቀን የራሳችሁ ሊሆን ይችላል፦ ልሂድ ወይስ ልቆይ? ጌታ በማቴ. 10፥23 ሲያሳድዷችሁ ወደ ሌላ ከተማ ሽሹ ብሏል። በዮሐ. 10፥12 ደግሞ ተኩላ ሲመጣ የሚሸሸውን ሞያተኛ ነቅፏል። ሁለቱ አይጋጩም፤ አንዱ ሸሽቶ ወንጌልን ይዞ የሚሄደውን፣ ሌላው መንጋውን ለተኩላ ትቶ የሚሄደውን ይመለከታል። በአገራችንም ሁለቱን አይተናል። የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ ከአገር የመውጣት ዕድል ሳያጡ ቆዩ፤ በሐምሌ 1971 ዓ.ም. ታፍነው ተገደሉ። በዚያው ዘመን የተሰደዱ ብዙ ምእመናን ደግሞ በደረሱበት አገር አብያተ ክርስቲያናትን ተክለዋል። የቆዩትን በተሰደዱት ላይ፣ የተሰደዱትንም በቆዩት ላይ ዳኛ አናድርግ።

ጳውሎስ ራሱ አምልጧል። በደማስቆ በቅጥሩ መስኮት በቅርጫት አወረዱት (ሐዋ. 9፥25)። ይህን ታሪክ ራሱ ሲተርከው ግን የት እንዳስቀመጠው ተመልከቱ። በ2 ቆሮ. 11፥30 ስለ ድካሜ እመካለሁ ካለ በኋላ፣ በቁጥር 32ና 33 የሚጠቅሰው ያንን ቅርጫት ነው። ለእኛ የድል ምስክርነት የሚመስለንን ጳውሎስ ከድካሙ ጋር ቆጠረው። ሰዎች ገመዱን ይዘውለት፣ በሌሊት፣ ራሱን ማዳን ሳይችል የወረደ ሰው ነኝ አለ። እንዲህ የተነገረ የማምለጥ ታሪክ የቀረውን ሰው አያሳፍርም፤ የሚያስመካው ያመለጠው ሰው ጥንካሬ አይደለምና።

እንግዲህ ወደዚያ የምስክርነት ሰዓት እንመለስ። ወንድማችን ተናግሮ ማይክሮፎኑን ሰጥቷችኋል። ምስጋናውን አታጥፉት፤ አብራችሁ አመስግኑ። ከዚያም ያዕቆብ በሰይፍ በሞተበት ወራት ጴጥሮስን ከእስር ያወጣው አምላክ አንድ መሆኑን ተናገሩ። ከመንገድ የቀሩትን በስም ጠርታችሁ ጸልዩ። ጉባኤው ሲበተንም አስቀድማችሁ ወደ ሦስተኛው ረድፍ ሂዱ።