ከአቡነ ዮሴፍ እስከ ዋልታ፦ ለወሎ ወጣት ተመራማሪዎች የተከፈቱና የተዘጉ በሮች

የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት 2025ን የበረዶ ግግሮች ጥበቃ ዓመት ብሎ ሰየመ፤ ማርች 21ም በየዓመቱ የበረዶ ግግሮች ቀን ሆኖ እንዲታሰብ ወሰነ (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በዚያው ዓመት ጃንዋሪ ላይ የአውሮፓ ተመራማሪዎች አንታርክቲካ ውስጥ 2,800 ሜትር ቆፍረው ቢያንስ 1.2 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠረ በረዶ አወጡ። ለወጣት ተመራማሪዎች ትልቁ ቀጠሮ ግን ገና ነው፤ አገሮች ዋልታዎችን በጋራ የሚያጠኑበት አምስተኛው ዓለም አቀፍ የዋልታ ዓመት በ2032 እና በ2033 ይካሄዳል። አሁን ወልዲያ ዩኒቨርሲቲ የሚገባ ተማሪ የመጀመሪያና የሁለተኛ ዲግሪውን ሳያቋርጥ ቢጨርስ፣ ዶክትሬቱን የሚጀምረው በዚያው ሰሞን ነው። ስለዚህ ነገሩን ከወዲሁ ማንሳት መቸኮል አይሆንም። ሲወራ የምንሰማው የዋልታ ምርምር መርከብ፣ ድንኳንና ነጭ ሜዳ ነው፤ እኔ ግን ለሰሜን ወሎ ልጅ መንገዱ የሚጀምረው ከራሱ ተራራ፣ ከራሱ ሐይቅና ከራሱ ሰማይ ነው እላለሁ።

አስቀድመን በሮቹን እንያቸው። ከአራተኛው የዋልታ ዓመት (2007–2008) ጋር ተያይዞ የተመሠረተው የጀማሪ የዋልታ ሳይንቲስቶች ማኅበር፣ በምህጻሩ ኤፔክስ፣ ለአባልነት ገንዘብ አይጠይቅም፤ ዜግነትም አይመርጥም። በኢንተርኔት ሥልጠና ይሰጣል፤ ጀማሪውን ከነባሩ ጋር ያገናኛል። ይህ የተከፈተ በር ነው። የአንታርክቲካ ምርምር ሳይንሳዊ ኮሚቴ፣ ማለትም ስካር፣ ለዶክትሬት ተማሪዎችና ዶክትሬታቸውን በቅርቡ ለጨረሱ የሚሰጠው ድጎማ ግን በዋናነት ለአባል አገሮች ተመራማሪዎች ነው፤ ኢትዮጵያ ደግሞ አባል አይደለችም። የ1959ኙን የአንታርክቲካ ስምምነት መጀመሪያ ከፈረሙት 12 አገሮች መካከልም ከአፍሪካ የነበረችው ደቡብ አፍሪካ ብቻ ናት። በ2022 የአንታርክቲካ አሳሹ የሻክልተን የሰመጠች መርከብ ኢንዱራንስ ከ3,000 ሜትር ጥልቀት የተገኘችው በደቡብ አፍሪካዋ መርከብ አጉልሃስ 2 ላይ በተሳፈረ ቡድን ነበር፤ ለአፍሪካዊ ተማሪ የአንታርክቲካ የቅርቡ ደጅ ኬፕታውን ነው። ወደ ሰሜን ስንሄድ ፊንላንድ ከ2017፣ ኖርዌይ ከ2023 ጀምሮ ከአውሮፓ ውጭ በሚመጡ የማስተርስ ተማሪዎች ላይ ክፍያ ጥለዋል። ዶክትሬት ግን በኖርዌይ ባብዛኛው ማስታወቂያ ወጥቶ በውድድር የሚያዝ፣ ደመወዝ ያለው የሥራ መደብ ነው። ከዚህ የሚወጣው ስሌት ቀላል ነው፤ ማስተርስን እዚሁ ጨርሶ ለዶክትሬት መወዳደር ያዋጣል። የባሕር እንስሳት፣ የዓሣ ሀብትና የዋልታ ሕግ የየራሳቸው ሰፊ ዘርፎች ናቸው፤ ከእኛ አገር የሚነሳ ተማሪ እዚያ የሚይዘው መነሻ ስለሚያንስ አልፋቸዋለሁ።

ብዙ የምቆየው ሰማዩ ላይ ነው፤ ምክንያቱም የኢትዮጵያ ጂኦፊዚክስ ራሱ ከዋልታ ዓመት ጋር የተያያዘ ታሪክ አለው። በ1950 አሜሪካዊው ሎይድ በርክነር ሦስተኛ የዋልታ ዓመት ይደረግ የሚል ሐሳብ አነሳ፤ ሐሳቡ ሰፍቶ መላዋን ምድር የሚያካትት የ1957–1958 ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት ሆነ። ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ካህን ፒየር ጉዋን የመሩት የአዲስ አበባው የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ የተቋቋመው በዚሁ አጋጣሚ ነው። የምድር የማግኔት ወገብ፣ ማለትም የምድር ማግኔታዊ መስክ አግድም የሚሆንበት መስመር፣ በአቅራቢያው ስለሚያልፍ ቦታው ተፈላጊ ነበር። በዚህ መስመር ላይ፣ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ከፍታ፣ ቀን ቀን ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚፈስ ብርቱ የኤሌክትሪክ ጅረት አለ። ከፀሐይ የሚነሳ ማዕበል የዋልታውን ሰማይ ሲያናውጥ፣ በዚያ የተፈጠረው የኤሌክትሪክ መስክ በደቂቃዎች ውስጥ እስከ ማግኔት ወገብ ይዘልቃል። ኖርዌይ ላይ ኦሮራ የሚባለው የሰማይ ብርሃን ሆኖ የሚታየው ነገር አዲስ አበባ ላይ የማግኔቶሜትር መስመር መዝለል ሆኖ ይመዘገባል። የዋልታን ሰማይና የእኛን ሰማይ የሚያጠናው ፊዚክስ አንድ ነው ማለት ነው።

ለዚህ ሕያው ማስረጃው የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲው ዶክተር ባይሌ ዳምጤ ናቸው። የዶክትሬት ሥራቸውን በ2004 የጨረሱት ከአርክቲክ ክበብ በስተሰሜን በሚገኘው፣ በፊንላንዱ የኦውሉ ዩኒቨርሲቲ ሥር ባለው የሶዳንክላ ጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ ነው። ርዕሱ ኢንኮሄረንት ስካተር የሚባለው ራዳር የሚለካበትና መረጃው የሚተነተንበት አዲስ ዘዴ ነበር። ራዳሩ ብርቱ የሬዲዮ ሞገድ ወደ አዮኖስፌር፣ ማለትም በኤሌክትሪክ ወደተሞላው የከባቢ አየር ክፍል፣ ይልካል፤ ኤሌክትሮኖች ከሞገዱ ኢምንቱን በትነው ይመልሳሉ። የሚመለሰው ከአንቴናው ከራሱ ጫጫታ በታች ሊሆን ስለሚችል፣ ሞገዱ ሲላክ በምስጢር ቁልፍ እንደተጻፈ ደብዳቤ በኮድ ይላካል፤ ሲመለስም በዚያው ኮድ ይፈታል። በዚህ መንገድ የኤሌክትሮኑ ብዛት፣ ሙቀቱና ፍጥነቱ ይታወቃል። እንዲህ ላለው ሥራ ዋናው መሣሪያ ሒሳብና ኮምፒዩተር እንጂ የበረዶ ጫማ አይደለም። ባይሌ ወደ አገራቸው ተመልሰው በባሕር ዳር የጠፈርና የራዳር ሳይንስ ምርምርን አስጀመሩ፤ የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንትም ሆነው አገለገሉ። በኖቬምበር 2012 የአሜሪካ ጂኦፊዚክስ ኅብረት በጠፈር አየር ሁኔታ ላይ ያዘጋጀው የቻፕማን ጉባኤ አዲስ አበባ ላይ ተካሂዷል። የሳተላይት አቅጣጫ ጠቋሚ ምልክት በማግኔት ወገብ አካባቢ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ለምን እንደሚንቀጠቀጥ የማወቅ ፍላጎት ዛሬ ከአቪዬሽን እስከ ካርታ ሥራ ይዘልቃል።

ሁለተኛው መነሻ ተራራው ነው። የጥንቱ የአዱሊስ ጽሑፍ በስሜን ሰው እስከ ጉልበቱ የሚሰምጥበት በረዶ እንዳለ ይናገራል፤ የዘመኑ ሳይንስ ደግሞ ከዚያም የቀደመውን ድንጋዩ ላይ ያነባል። በ2015 የቤልጂየሙ ጌንት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሃነ ሄንድሪክስ፣ ያን ኒሰንና ባልደረቦቻቸው ስለ ሦስት የሰሜን ኢትዮጵያ ተራሮች አንድ ጥናት አሳተሙ። ከሦስቱ ሁለቱ የላስታው አቡነ ዮሴፍ (4,260 ሜትር) እና በላሊበላና በወልዲያ መካከል የሚገኘው ሊብ አምባ (3,993 ሜትር) ናቸው። በአቡነ ዮሴፍ ሰንሰለት ሦስት ቦታዎች ላይ የበረዶ ግግር ገፍቶ የከመራቸው፣ ትልቅና ትንሹ ሳይለይ የተደባለቁ የድንጋይ ክምሮች አገኙ። ግግሮቹ ትንንሽ ነበሩ፤ ከገደሉ በሚናድ በረዶ እየተመገቡ ከመደበኛው የበረዶ ወሰን በታች ይቆዩ ነበር። ተመራማሪዎቹ ግግሮቹ በነበሩበት ዘመን የነበረው ሙቀት ከዛሬው በ6 ዲግሪ ገደማ ያነሰ እንደነበር አስልተዋል። ዛሬ እዚያ የቀረው የውርጭ ሥራ መሬቱን መሰንጠቅና አፈሩን በትንሹ ማበጠር ነው።

የምወደው ክርክር የሚነሳው እዚህ ላይ ነው። በ2021 የታተመ የአሌክሳንደር ግሮስና ባልደረቦቹ ጥናት፣ በባሌ ተራሮች ላይ የነበረው በረዶ ጫፍ የደረሰው ከ42,000 እስከ 28,000 ዓመት በፊት መሆኑን አሳየ፤ ይኸውም የምድር በረዶ በሰፊው ከተንሰራፋበት ዘመን ቀደም ብሎ ነው። እንግዲህ የአፍሪካ ተራሮች ከዋልታው ጋር እኩል አልተራመዱም ማለት ነው? ወሳኙ ቅዝቃዜው ነበር ወይስ እርጥበቱ? ላስታ እንደ ባሌ ሄዶ ከሆነ አንድ መልስ፣ ካልሄደ ሌላ መልስ ይሰጣል። ጥያቄው በዋልታ ሳይንስ መድረክ ላይ ክብደት አለው፤ መልሱ ያለበት ድንጋይ ደግሞ ከወልዲያ የአንድ ቀን መንገድ እንኳ አይርቅም። ለማስተርስ ጥናት ከዚህ የተሻለ ርዕስ ፍለጋ እስከ አርክቲኩ የኖርዌይ ደሴቶች ስቫልባርድ ድረስ መሄድ አያስፈልግም።

በድርቅ ለተፈተነ ሕዝብ የበረዶ ጥናት ምን ይፈይዳል የሚል ተቃውሞ መነሳቱ አይቀርም፤ ሊናቅም አይገባም። ሀብሩ ውስጥ ሲሪንቃ የግብርና ምርምር ማዕከል ማሽላና ጤፍ ሲመረምር የኖረው የዝናቡ ነገር አስተማማኝ ስላልሆነ ነው። ነገር ግን ይኸው ዝናብ ከሰሜኑ በረዶ ጋር ጉዳይ አለው። ከጣና ወለል የተቀዳ የደለል ናሙና ውስጥ ከ17,000 ዓመት ገደማ በፊት ሐይቁ መድረቁን የሚያሳይ ጠንካራ ደለል፣ ከበላዩም የረግረግ ተክል ቅሪት ተገኝቷል። ዘመኑ ከሰሜን አሜሪካ የበረዶ ንጣፍ የተገነጠሉ ተንሳፋፊ የበረዶ ተራሮች ሰሜን አትላንቲክን ካቀዘቀዙበት ወቅት ጋር ይገጥማል፤ ብዙ ተመራማሪዎችም ቅዝቃዜው የዝናብ ቀበቶውን እንዳዳከመው ያምናሉ። ከውርጌሳ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለው፣ ሐይቅ የተባለው ሐይቅና ኮረም አጠገብ ያለው አሸንጌም ተመሳሳይ መዝገብ ሰጥተዋል። የግሪንላንድ በረዶ ዛሬ መቅለጡ ነገ ክረምታችንን ምን ያደርገዋል የሚለውን የሚጠይቅ ሰው ከእኛ ወገን ከሌለ፣ ጥያቄው የሚቀረጸው በሌሎች ፍላጎት ነው።

ሌላው ተቃውሞ የሚሄደው አይመለስም የሚል ነው። የአንድ ሰው መመለስ ለሁሉም ዋስትና አይሆንም፤ የምርምር ርዕሱ አገር ቤት ከተተከለ ግን ተመራማሪውን የሚስበው ሥራ እዚሁ ይኖራል። ሦስተኛው የአቅም ጥያቄ ነው። ወልዲያ ዩኒቨርሲቲ በ2021 በጦርነቱ የደረሰበት ዝርፊያና ውድመት ይታወቃል፤ ቤተ ሙከራ ሳይሟላ ስለ ዋልታ ማውራት ለአንዳንዱ ቀልድ ይመስላል። ሙሉ መልስ የለኝም። ሆኖም የሴንቲነልና የላንድሳት ሳተላይት ምስሎች፣ የአዲስ አበባን ጨምሮ የማግኔት ጣቢያዎች መዝገብ፣ አርክቲክ በረዶ ውስጥ ከ2019 እስከ 2020 የተንሳፈፈችው የምርምር መርከብ ፖላርሽተርን የሰበሰበችው መረጃ ሁሉ ያለ ክፍያ ይገኛል። ለዚህ ኢንተርኔትና ኮምፒዩተር ያስፈልጋል፤ የፓይተን ፕሮግራም ትምህርትና ጠንካራ ሒሳብም እንዲሁ። እነዚህን ማሟላት ከባድ ቢሆንም መርከብ ከመግዛት ጋር አይወዳደርም።

እንግዲህ ፍርዴ ይህ ነው። የዋልታ ዕድል ተብለው በየማስታወቂያው ከሚዘረዘሩት ብዙዎቹ ለኢትዮጵያዊ ተማሪ አልተሠሩም፤ እነሱን እያሳደዱ ዓመታት ማባከን አይገባም። የተከፈቱት ጥቂቶች ግን የራሱን ጥያቄ ይዞ ለሚመጣ ሰው ይበቃሉ። የወልዲያ ዩኒቨርሲቲ የጂኦግራፊ፣ የፊዚክስና የጂኦሎጂ መምህራን ለመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ሲያጸድቁ አቡነ ዮሴፍን፣ ሐይቅንና የማግኔት ወገብን ዝርዝራቸው ውስጥ ያስገቡ። ተማሪውም ኤፔክስ ዛሬውኑ ይመዝገብ፤ 2032 ሲደርስ በእጁ የተጠናቀቀ ሥራ ይኑረው።