ተቃውሞና ይግባኝ (አትሌቲክስ)

ተቃውሞ በአትሌቲክስ ውድድር አንድ ተወዳዳሪ ወይም ቡድን «ደንብ ተጥሷል» ወይም «ውጤቱ ትክክል አይደለም» ሲል ለዳኛ የሚያቀርበው አቤቱታ ነው። በዳኛው ውሳኔ ላይ የሚቀርበው ቀጣይ አቤቱታ ይግባኝ ይባላል። የሁለቱም ዓላማ ውጤት በደንብና በማስረጃ እንጂ በጩኸት እንዳይወሰን ማድረግ ነው።

ሂደቱ

በመሙ ዙሪያ የሚቆሙ ረዳት ዳኞች ጥፋት ሲያዩ ቢጫ ባንዲራ ያነሳሉ። ሯጭን ከውጤት መሰረዝ ግን የዋናው ዳኛ ሥልጣን ነው። በዓለም አትሌቲክስ ደንብ መሠረት ውጤትን የሚመለከት ተቃውሞ፣ ውጤቱ በይፋ ከተገለጸ በኋላ በ30 ደቂቃ ውስጥ ለዋናው ዳኛ በቃል ይቀርባል። በውሳኔው ያልረካ ወገን በሌላ 30 ደቂቃ ውስጥ ለይግባኝ ሰሚ ጉባኤ በጽሑፍ ያመለክታል፤ መያዣ ገንዘብም ያስይዛል። ጉባኤው የሚመለከታቸውን ሰዎች ያነጋግራል፣ ቪዲዮንም ጨምሮ ማስረጃ ይመረምራል። የመጀመሪያውን ውሳኔ የሰጠው ሰው ይግባኙን አለመመልከቱ የሥርዓቱ ዋና መጠበቂያ ነው።

የፓሪስ 2024 ጉዳይ

ሐምሌ 29 ቀን 2016 ዓ.ም. በፓሪስ ኦሊምፒክ የሴቶች 5,000 ሜትር ፍጻሜ ላይ፣ ኢትዮጵያዊቷ ጉዳፍ ፀጋይና ኬንያዊቷ ፌይዝ ኪፕዬጎን ቦታ ለመያዝ ሲሽቀዳደሙ ተገፋፉ። ኪፕዬጎን ሁለተኛ ሆና ብትገባም ተፎካካሪዋን አደናቅፋለች ተብላ ከውጤት ተሰረዘች። በዚህም በአዳማ ተወልዳ ለኔዘርላንድስ የምትሮጠው ሲፋን ሐሰን ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ ከፍ አለች። ኬንያ ይግባኝ ስትል ጉባኤው ከተለያየ አቅጣጫ የተቀረጹ ቪዲዮዎችን ተመልክቶ ድርጊቱ ለመሰረዝ አያበቃም ሲል ወሰነ። ኪፕዬጎን የብር፣ ሲፋን የነሐስ ሜዳሊያ ወሰዱ። ጉዳፍ 9ኛ ወጥታለች።

በደንቡ መሠረት በሯጮች መካከል የሚፈጠር ንክኪ ሁሉ ጥፋት አይደለም። ጥፋት የሚሆነው ንክኪው ያልተገባ ጥቅም ሲያስገኝ ወይም ጉዳት ሲያደርስ ነው። ስለዚህ ሁለት ዳኞች አንድን ቪዲዮ አይተው ሊለያዩ ይችላሉ።

የቪየና 2021 ጉዳይ

አንዳንድ ጥፋት ግን በመለኪያ ይታወቃል። መስከረም 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ኢትዮጵያዊው ደራራ ሁሪሳ የቪየና ማራቶንን በአንደኝነት ቢጨርስም፣ የጫማው ሶል 5 ሴንቲሜትር ውፍረት እንዳለው በመታወቁ ውጤቱ ተሰረዘ። የተፈቀደው 4 ሴንቲሜትር ነበር። በ3 ሰከንድ ተከትሎት የገባው ኬንያዊው ሊዮናርድ ላንጋት አሸናፊ ተባለ። እዚህ ላይ ሯጩ ሆን ብሎ አድርጎታል ወይስ ተሳስቷል የሚለው ጥያቄ ልኬቱን አይለውጠውም።

ከጀልባ ውድድር ጋር ሲነጻጸር

በባለሸራ ጀልባ ውድድር ዳኞች ሁሉንም ጀልባ በቅርብ ማየት ስለሚያዳግታቸው ደንቡን በማስከበር በኩል ተወዳዳሪው ራሱ ትልቅ ድርሻ አለው። ጥፋት ያየ ተወዳዳሪ ወዲያውኑ «ተቃውሞ» ብሎ ይጮኻል፤ ትልልቅ ጀልባዎች ቀይ ባንዲራም ያወጣሉ። ያጠፋው ካመነ ጀልባውን እዚያው በማዞር ቅጣቱን ሊወጣ ይችላል። ካላመነ ከውድድሩ በኋላ ሁለቱም ወገኖች ቀርበው ምስክር ያሰማሉ። በአትሌቲክስ ሯጭ ጥፋቱን በራሱ ቅጣት የሚያካክስበት እንዲህ ያለ መንገድ የለም፤ ስለዚህ የዳኛው ውሳኔና ይግባኙ የበለጠ ክብደት አላቸው።