እውነት ወይስ ተረት? «ጎግል ላይ አንደኛ ነን»

ከወልድያ ወይም ከመርሳ የሆቴል ባለቤት ጋር ስለ ኢንተርኔት ጨዋታ ከተነሳ፣ ባለቤቱ ስልኩን አውጥቶ «ሆቴል» ብሎ መጻፉ አይቀርም። የራሱ ቤት ከላይ ይወጣል። «ይኸው፣ አንደኛ ነን!»

ተረት ነው። ሰውየው አልዋሸም፣ ያየውን ነው የተናገረው፤ ግን ያየው እዚያው ሆቴሉ ውስጥ ቁጭ ብሎ ነው። ጎግል የአካባቢ ድርጅቶችን በቅደም ተከተል ለማስቀመጥ የሚጠቀምባቸውን ሦስት መለኪያዎች በይፋ ይናገራል፦ ድርጅቱ ከተፈለገው ነገር ጋር መግጠሙ፣ ርቀቱ እና ታዋቂነቱ። እቤቱ ተቀምጦ ለሚፈልግ ሰው ርቀቱ ዜሮ ነው። ያንኑ ቃል ወልድያ ስታዲየም አካባቢ ሆነው ቢጽፉት ዝርዝሩ ሊለወጥ ይችላል። 30 ኪሎ ሜትር ያህል ወርደው መርሳ ላይ ቢጽፉት ደግሞ የወልድያው ቤት ጭራሹን ላይታይ ይችላል።

የወልድያ ሆቴል ዋና ደንበኛው መንገደኛ ነው። ከደሴ ወደ መቀሌ የሚወጣው መንገድና ቻይናዎች የሠሩት የወረታ መንገድ እዚያ ይገናኛሉ፤ ለገና ላሊበላ የሚሄደው ምዕመንም በዚያው ያልፋል። ይህ ሰው ገና አዲስ አበባ ሳለ «ወልድያ ሆቴል» ብሎ ይፈልጋል። የከተማ ስም ከተጻፈ ደግሞ ጎግል የሚከተለው የተጠራውን ከተማ እንጂ ፈላጊው የቆመበትን አይደለም። እዚህ ላይ የባለቤቱ ስልክ ያሳየው አንደኝነት ዋጋ የለውም። መንገደኛውን የሚያመጣው በትክክል የተመዘገበ የሥራ ዓይነት፣ የሚነሳ ስልክና የደንበኞች አስተያየት ነው።

«ኢንኮግኒቶ ከፍቼ አይቼዋለሁ፣ ያው ነው»

ይህም አያስኬድም። ጎግል ከኅዳር 2002 ዓ.ም. ጀምሮ አካውንቱ ውስጥ ላልገባ ሰው እንኳ ውጤቱን በፍለጋ ታሪኩ ያስተካክል ጀመር፤ ኢንኮግኒቶ የሚያስቀረው ይህን ታሪክ ነው። የቆማችሁበትን ቦታ ግን አይደብቅም። ሆቴልና ጋራዥ ሲፈለግ ደግሞ ይበልጥ የሚወስነው ቦታው ነው። ደሴ ላለ ዘመድ ደውሎ «እስቲ አንተ ‹ወልድያ ሆቴል› ብለህ ፈልግልኝ» ማለት ይሻላል።

«ካልከፈልክ አትወጣም»

ተረት። ጎግል ካርታ ላይ መመዝገብ ነፃ ነው፤ በዚህ ዝርዝር ከፍ ለማድረግ ጎግል ገንዘብ አይቀበልም። ማስታወቂያ ሌላ ጉዳይ ነው፣ ማስታወቂያ መሆኑ ተጽፎበት ይወጣል። «ብር ላክ፣ አንደኛ አደርግሃለሁ» የሚል ከደወለ ስልኩን ዝጉበት።

«አንዴ ከተመዘገብኩ በቃ»

በእኔ ግምት ከሁሉም የሚጎዳው ይኸኛው ነው። የካርታው ገጽ የባለቤቱ ብቻ አይደለም፤ ማንም ተጠቃሚ ለውጥ ሊጠቁም ይችላል፣ «በቋሚነት ተዘግቷል» እስከማለት ድረስ። በነሐሴ 2013 የሰሜኑ ጦርነት ወልድያ ገባ። በሐምሌ 2015 መጨረሻ ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ። ባለቤቱ ገጹን መክፈት ባልቻለባቸው ወራት ገጹ ለሌላው ዓለም ክፍት ነበር። ስለዚህ የሥራ ሰዓቱ፣ ስልክ ቁጥሩና «ተዘግቷል» የሚለው ምልክት ዛሬ ምን እንደሚል ማየት ይገባል።

የካርታ ምልክቱም እንዲሁ ነው። ውርጌሳ ላይ ያለ ጋራዥ ምልክቱ ማሽላ መሃል ከተተከለ ሾፌሩ የሚደርሰው ማሽላው ዘንድ ነው። የቤት ቁጥር በማይረዳበት ሰፈር ፕላስ ኮድ የሚባለው የቦታ መለያ ይጠቅማል፤ ካርታው ላይ በሩን በጣት ጫን አድርጎ መያዝ ነው፣ ኮዱ ይወጣል፣ በቴሌግራም ይላካል።

«ስሙ በረዘመ ቁጥር ይገኛል»

የንግዱ ስም ላይ «ምርጥና ርካሽ ሆቴል ወልድያ» ብሎ መቀጠል ደንብ መጣስ ነው፣ ገጹን ሊያሳግድ ይችላል። መጻፍ ያለበት ታፔላው ላይ ያለው ስም ነው። ታፔላው በአማርኛም በላቲንም ከሆነ ደግሞ ጥሩ። የከተማው ስም በአድራሻው ቦታ ይሞላ፤ በላቲን ፊደል «መርሳ» ብቻ ብሎ የፈለገ ሰው ግብፅ ውስጥ ማርሳ ማትሩህ ባሕር ዳርቻ ሊያርፍ ይችላል፣ እዚያ ደግሞ የመርሳ ብርቱካን የለም።

«ጓደኞቼ አምስት አምስት ኮከብ ቢሰጡኝስ?»

ጎግል የሐሰት አስተያየት ሲደርስበት ያጠፋል። አስተያየት ለጻፈ ደንበኛ ቅናሽ ማድረግም የተከለከለ ነው። ሂሳቡን ከፍሎ የሚወጣውን እንግዳ «ያዩትን ይጻፉልን» ብሎ መጠየቅ ግን አልተከለከለም።