የንክኪ ስክሪን ለሚያዝዙ ወኪሎች የሚጻፍ መመሪያ

የስልክን የንክኪ ስክሪን በጣት ፈንታ በትእዛዝ የሚያንቀሳቅሱ መሣሪያዎች፣ ለምሳሌ ከኮምፒውተር ወደ አንድሮይድ ስልክ ትእዛዝ የሚያስተላልፈው «ኤዲቢ»፣ ከቀድሞ ጀምሮ የሶፍትዌር ባለሙያዎች መተግበሪያዎችን የሚፈትሹባቸው ሲሆኑ፣ ዛሬ ደግሞ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ወኪሎችም፣ ማለትም ግብ ተሰጥቷቸው እርምጃውን ራሳቸው የሚመርጡ ፕሮግራሞች፣ ይገለገሉባቸዋል።

ሰው በልምድ የሚሞላው ክፍተት ለወኪሉ በሚጻፍ የአጠቃቀም መመሪያ መሞላት አለበት። «500 800» የሚል የመንካት ትእዛዝ ከስክሪኑ የላይኛው ግራ ጥግ ተነሥቶ 500 ፒክስል፣ ማለትም የምስል ነጥብ፣ ወደ ቀኝና 800 ወደ ታች እንደሚቆጠር፣ የማንሸራተት ቆይታም በሚሊሰከንድ፣ ማለትም በሰከንድ አንድ ሺህኛ፣ እንደሚለካ መገለጽ ይኖርበታል። ከሁሉም በላይ፣ ትእዛዙ ያለ ስህተት መፈጸሙ የተፈለገው ቁልፍ መነካቱን ስለማያረጋግጥ፣ መመሪያው ወኪሉ ከእያንዳንዱ እርምጃ በኋላ የስክሪኑን ምስል ወይም «ዩአይ አውቶሜተር» የተባለው የአንድሮይድ መፈተሻ መሣሪያ የሚያወጣውን የቁልፎችና የጽሑፎች ዝርዝር መልሶ እንዲመለከት ማዘዝ አለበት።

ገንዘብ መላክንና መረጃ መሰረዝን የመሰሉ ድርጊቶች ያለ ስልኩ ባለቤት ፈቃድ እንዳይፈጸሙ በግልጽ መጻፍም የመመሪያው አዘጋጅ ኃላፊነት ነው፤ ይሁን እንጂ የተጻፈ ክልከላ ሊዘለል ስለሚችል፣ መሣሪያው ራሱ እንዲያግዳቸው ሆኖ መሠራት ይገባዋል።